ዋልያዎቹ፤ ከመሥራችነት እስከ ስደት ሜዳ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ያደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ ከግብፅ ጋር ተገናኝቶ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ጎሎች ያገባው መሐመድ ዲያብ አል-አጣር የተባለ አጥቂ ብቻውን ነበር። ቡድናችን ግማሽ ፍጻሜውን ሳይጫወት ለዋንጫ የደረሰው ተጋጣሚው ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ በመውጣቷ ነው። የአፓርታይድ ሥርዓት የሰፈነባት የዚያች አገር ፌዴሬሽን ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ እንጂ ሁለቱን በአንድ ማሊያ አላሰልፍም አለ። ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ደግሞ እንዲህ ያለ ቡድን አንቀበልም አሉ። አራት ሆነው የተነሡት መሥራቾች ሦስት ቀሩ።

ስለ ዋልያዎቹ ሲወራ ሁሉም የሚቸኩለው ወደ 1954ቱ ዋንጫ ነው። እኔ ግን የዚህ ቡድን ማንነት የሚጀምረው ከካርቱም ይመስለኛል። በአህጉሩ መድረክ አንዲት ጎል እንኳ ሳያገባ፣ አፍሪካ ውስጥ እግር ኳስ በምን ሕግ መጫወት እንዳለበት ድምፁን ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ድልና ውድቀት ሁሉ ከዚህ ነጥብ ተነሥቶ የሚያየው ሰው ቁጭቱም ኩራቱም የት እንዳለ በትክክል ያገኘዋል።

በካርቱሙ የመሥራቾች ስብሰባ ኢትዮጵያን የወከሉት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በ1914 ዓ.ም ጅማ ተወለዱ፤ አባታቸው በዘፈንና በቅኔ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በ1928 ዓ.ም በተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ አጥቂ ሆነው ያደጉት ደግሞ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ በነበረችበት ዘመን ነው። ወራሪው መንግሥት ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይገናኙ ከልክሎ ነበር። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ከተማው በቆዳው ቀለም ተለይቶ ኳስ የተጫወተ ወጣት ከሃያ ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ የደቡብ አፍሪካን ሐሳብ ሲሰማ ምን እንደተሰማው ለመገመት አያስቸግርም። አቶ ይድነቃቸው ከዚያም አላረፉም። ለመላው አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ አንድ የዓለም ዋንጫ ቦታ ብቻ መመደቡን በመቃወም የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. የ1966ቱን ዋንጫ ሲያድሙ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ለቀጣዩ ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩት እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ነሐሴ 1979 ነው።

አሁን ወደ 1954 ዓ.ም እንመለስ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር የነበራት ሒሳብ የሚያሳፍር ነበር። ከካርቱሙ 4 ለ 0 በኋላ በ1951 ዓ.ም ካይሮ ላይ ዳግም 4 ለ 0 ተሸንፋለች። ስምንት ጎል አስተናግዳ አንድም አላገባችም። በአዲስ አበባው ግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ስታልፍ ከፊቷ የቆመችው ያችው ግብፅ ነበረች፤ በጊዜው ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ይባል ነበር።

ጨዋታው የተካሄደው ጥር 13 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። ባደዊ አብደል ፈታህ በ35ኛው ደቂቃ ግብፅን መሪ አደረገ። ኢትዮጵያ አቻ የሆነችው በ74ኛው ደቂቃ ነበር፤ ደስታው ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ባደዊ ደገመ። ይህን ጊዜ ስምንቱን ጎል የሚያስታውስ ተመልካች ሁሉ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ 2 ለ 2 አደረገውና ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተገባ። ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ ሦስተኛውን አገባ። ጨዋታው ሊያበቃ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለሉቺያኖ አስረከቡ። መንግሥቱ በኋላ በተከታታይ ውድድሮች በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው ጎሎች 10 ደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ኢትዮጵያዊ ወደዚህ ቁጥር አልቀረበም።

ያ ውድድር አራት ቡድኖች ብቻ የተሳተፉበት ነበር። ዋንጫውን ለማንሳት ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ በቂ ነበር። ይህን መናገር ድሉን ማሳነስ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ በግብፅ መሪነት ሥር ወድቆ ሁለት ጊዜ መነሣት ቡድኖቹ አራትም ሆኑ ሃያ አራት ያው ጀግንነት ነው። ግን የቆየውን ዋንጫ ዛሬ ካሉት ውድድሮች ጋር እያነጻጸርን «እንዴት እዚህ ደረስን» ብለን ራሳችንን ስንወቅስ ይህ መታወቅ አለበት። በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ ሲሰበሰቡ ጋና እንኳ ገና ነፃ አልወጣችም ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ጥቂት ሆነን የተቀመጥነው ሌሎቹ ወንበሮች በቅኝ ገዢዎች ተይዘው ስለነበር ነው። ወንበሮቹ በባለቤቶቻቸው ሲሞሉ ፉክክሩ ከበደ፤ እንዲሞሉ ሲታገሉ ከነበሩት መካከል ደግሞ የእኛው ሰው ነበሩ።

ስለዚያ ቡድን የሚገባውን ያህል የማይነገር ሌላ ነገር አለ፤ አስመራ። ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ ልጅ ነው። ለጣሊያኖቹ ሐበሻ፣ ለሐበሾቹ ጣሊያን እየተባለ ያደገው ይህ ሰው የአፍሪካን ዋንጫ ለኢትዮጵያ ከፍ አድርጎ ያነሣ ብቸኛው አምበል ሆነ። ከእሱ ጋር ከተሰለፉት ብዙዎቹ የኤርትራ ልጆች ነበሩ። የአስመራ ሜዳዎች በዚያ ዘመን ለብሔራዊ ቡድኑ የማይነጥፍ ምንጭ ሆነው አገልግለዋል። ዛሬ ያ ታሪክ በሁለት አገሮች መካከል ተከፍሎ ቀርቷል፤ እኛ ዋንጫውን ስንቆጥር ያነሡትን እጆች የምንጠራው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ሉቺያኖ ከአብዮቱ በኋላ ወደ ጣሊያን ተሰዶ ኖረ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም ዐረፈ። እንደዚያ ላለ አምበል በመዲናችን በስሙ የሚጠራ አንድ ሜዳ አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

በ1960 ዓ.ም ውድድሩ ወደ ስምንት ቡድኖች አድጎ አዲስ አበባና አስመራ አስተናገዱት። ኢትዮጵያ የምድብ ጨዋታዎቿን በሙሉ አሸነፈች። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ግን በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተረታች። እኔ ከዋንጫው ይልቅ ይህን ጨዋታ የዚያ ትውልድ ጫፍ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የቆመው ከጠነከረች አፍሪካ ፊት ነበርና። ከሁለት ዓመት በኋላ ሱዳን ላይ የኮትዲቯሩ ሎራን ፖኩ በአንድ ጨዋታ አምስት ጎል አግብቶብን 6 ለ 1 ተሸነፍን። በ1968 ዓ.ም ራሳችን አዘጋጅተን ከምድባችን ሳናልፍ ቀረን። በ1974 ዓ.ም ሊቢያ ላይ ከናይጄሪያ፣ ከዛምቢያና ከአልጄሪያ ጋር ተመድበን አንድ ነጥብ ይዘን፣ ጎል ሳናገባ ተመለስን። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ለ31 ዓመት ተዘግቶ ቆየ። ይህ ጊዜ ባዶ ነበር ማለት ግን አይደለም። አቶ ይድነቃቸው ካረፉ ከአራት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1980፣ ቡድኑ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፎ አነሣ። ያንኑ ዋንጫ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ደግሞታል። በእነዚያ ዓመታት የአዲስ አበባ ስታዲየም የራሱ ሕይወት ነበረው። ጥላ ፎቅ የተቀመጠው ተረጋግቶ ሲያይ፣ ካታንጋ የሚባለው የተመልካች ተራ ሲዘፍንና ሲሳደብ፣ ሚስማር ተራ ደግሞ የራሱን ፍርድ ሲሰጥ፣ ተጋጣሚ ቡድን በከፍታው አየር ትንፋሽ አጥቶ ሲንገላታ ታላላቆቹም እንደልባቸው አይሆኑም ነበር። ግንቦት 2003 ላይ ሳላዲን ሰይድ ሁለት ጎል አግብቶባት 2 ለ 2 የወጣችው ናይጄሪያ በመጨረሻ ከዚያ የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆናለች።

በሩ የተከፈተው በዚሁ ሜዳ ነው። ጳጉሜን 2004 ላይ በሱዳን 5 ለ 3 የተሸነፈው የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም በመልሱ ጨዋታ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጪ በገቡት ሦስት ጎሎች አለፈ። ያን ምሽት የአዲስ አበባ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አድሯል።

ውድድሩ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ ነበር። ከ56 ዓመት በፊት ዘር አልቀላቅልም ብላ ከካርቱም የቀረችው አገር አፓርታይድን ጥላ፣ አስተናጋጅ ሆና ተቀበለችን። አቶ ይድነቃቸው ይህን ለማየት አልታደሉም። የመጀመሪያው ጨዋታ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር በኔልስፕሩት የተካሄደው ጥር 13 ቀን ነው፤ ዋንጫው የተነሣበት 51ኛ ዓመት በዕለቱ። ከጆሃንስበርግና ከየከተማው ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ኢትዮጵያውያን ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አለበሱት። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያ ከዕረፍት በፊት አገባች። በአሥር ተጫዋች የቀረው ቡድን ግን ከዕረፍት መልስ ኳሱን ይዞ እየተቀባበለ ሻምፒዮኗን አስጨነቀ፤ አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። በኋላ ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸንፈውናል። የዚያ ምሽት አጨዋወት ግን ይህ ቡድን ምን መሆን እንደሚችል አሳይቷል፤ አጭር ቅብብል፣ ፍጥነት፣ ከጉልበት ይልቅ ብልሃት።

ዓመቱ በዚህ አላበቃም። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ ያለፍን መሰለን። ወዲያው መርዶ መጣ፤ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለው ተጫዋች ከቦትስዋና ጋር በነበረው ጨዋታ በመሰለፉ ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰብን። መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ብራዛቪል ላይ አሸንፎ ስህተቱን ያካካሰው ያው ቡድን ነው፤ ተጫዋቾቹ በሜዳ የሠሩትን ቢሮ እንዴት ሊያፈርሰው እንደሚችል ያየንበት አጋጣሚ ነበር። ብራዚል ለመድረስ ናይጄሪያ ብቻ ቀረች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 በኃይሉ አሰፋ አዲስ አበባን በጩኸት አናወጣት፤ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ግን አቻ አደረገና ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 አደረገው። በመልሱ ጨዋታ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ሕልሙ አከተመ። ከዓለም ዋንጫ ያን ያህል ቀርበን አናውቅም። ግብፅ የጥንቷ ተቀናቃኛችን ከሆነች ናይጄሪያ የዚህ ትውልድ ናት፤ ከሊቢያ እስከ ካላባር ወሳኝ በሆነ ጊዜ ሁሉ መንገዳችን ላይ የቆመችው እሷ ናት።

በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን ወደ አፍሪካ ዋንጫ በድጋሚ ተመልሰናል። ጥር 2014 ካሜሩን ላይ ዳዋ ሆቴሳ በአስተናጋጇ ላይ ገና በ4ኛው ደቂቃ አግብቶ ነበር፤ ጨዋታው 4 ለ 1 ቢያልቅም። ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ የዚያ ውድድር የፍጻሜ ተፋላሚ የነበረችውን ግብፅን በዳዋና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፍን። ቡድኑ ኳስ ይዞ ግብፆችን ያስሮጠበት መንገድ ከኔልስፕሩቱ ጋር አንድ ዘር ነው።

ያ ድል ግን የተገኘው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው። ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን። ኮንፌዴሬሽኑ የአዲስ አበባውንም የባሕር ዳሩንም ስታዲየም ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ስለከለከለ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በማላዊ፣ በሞሮኮ፣ በታንዛኒያ ሲጫወቱ ቆይተዋል። በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያችንም፣ በመጋቢት 1953፣ የደርሶ መልሱ ሁለት ጨዋታዎች እስራኤል ውስጥ ተካሂደው 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸንፈናል። ያኔ አዲስ አበባ ገና የአፍሪካ ዋንጫን አላስተናገደችም ነበር። በቅርቦቹ ዓመታት ግን ሦስቴ በመዲናዋ ብቻ ሳይሆን በአስመራና በድሬዳዋም ውድድር ያዘጋጀች አገር ለአንድ የማጣሪያ ጨዋታ የሚፈቀድ ሣር፣ መብራትና መልበሻ ክፍል ማቅረብ አቃታት። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ ዓመታት ሲፈጅ፣ አንድ የተጫዋች ትውልድ ከእናትና ከአባቱ ፊት ለአገሩ ሳይጫወት አለፈ። ለእኔ ከ6 ለ 1ም፣ ከካላባርም የከፋው ሽንፈት ይህ ነው፤ ለዚህኛው ተጠያቂዎቹ አጥቂና ተከላካይ አይደሉም፤ በጀት የያዙ፣ ውል የፈረሙ፣ ቀነ ገደብ ያሳለፉ ሰዎች ናቸው።

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን ያስተናገድነው ካዛብላንካ ላይ ነው። 2 ለ 0 ተሸነፍን።