የኮሌስትሮል መውረድና ሞት፦ ስለ አንድ የተዘነጋ የሆኖሉሉ ጥናት

የደም ኮሌስትሮል መብዛት በጎልማሶች ዘንድ በልብ ሕመም የመሞትን ዕድል እንደሚያሳድግ እዚህ ላይ አልከራከርም። በ2007 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላንሴት ላይ የወጣውና 61 ጥናቶችን ያጣመረው ሥራ ለዚህ በቂ ነው። ክርክሬ ከኡፌ ራቭንስኮቭና ከባልደረቦቹ ጋር ነው።

እነዚህ ጸሐፊዎች በ2016 ቢኤምጄ ኦፕን ላይ ባሳተሙት ቅኝት፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 68,094 ሰዎችን የያዙ 19 ጥናቶችን ሰበሰቡ። በአብዛኞቹም ኤልዲኤል ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለው አረጋዊ ዝቅ ካለው የተሻለ ዕድሜ እንደነበረው አሳዩ። ከዚያም ለአረጋውያን ኮሌስትሮል የሚቀንሱ መድኃኒቶች የሚታዘዙባቸው መመሪያዎች እንደገና እንዲመረመሩ ጠየቁ። በቁጥሮቹ ጠብ የለኝም። ያልተዋጠልኝ ድምዳሜው ነው፤ የቆመው በክትትሉ መጀመሪያ በተወሰደ ልኬት ላይ ነውና።

ሁለት የ60 ዓመት ሰዎችን እናስብ። የሁለቱም ጠቅላላ ኮሌስትሮል ዛሬ 165 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። የአንደኛው ከስድስት ዓመት በፊትም 168 ነበር። የሁለተኛው ግን 220 ነበር፤ ምግቡን ሳይቀይር፣ ክኒን ሳይውጥ ወረደ። የአንድ ቀን ልኬት ሁለቱን አንድ መደብ ውስጥ ይከታቸዋል። ይሁንና ጉበቱ የተጎዳ ሰው ኮሌስትሮል የማምረት ዐቅሙ ይዳከማል፤ ካንሰርና ሥር የሰደደ ኢንፌክሽንም ልኬቱን ያወርዱታል። ቲቢ በያዛቸው ሕመምተኞች ላይ ኮሌስትሮል ዝቅ ብሎ መገኘቱ ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም።

ካርሎስ ኢሪባረንና ባልደረቦቹ በ1995 ሰርኩሌሽን መጽሔት ላይ ያነሡት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የቱ ምክንያት፣ የቱ ውጤት ነው? በሆኖሉሉ የሚኖሩ 5,941 የጃፓን ተወላጅ ወንዶችን ያዙ። ሰዎቹ ከ45 እስከ 68 ዓመት የሆናቸው ሲሆኑ፣ በልብ ሕመም፣ በስትሮክ፣ በካንሰር ወይም በጉበት በሽታ መያዛቸው ያልታወቀ ነበሩ። ደማቸው ከ1965 እስከ 1968፣ ኋላም ከ1971 እስከ 1974 ሁለት ጊዜ ተለካ። ኮሌስትሮላቸው ከመካከለኛው እርከን (ከ180 እስከ 239) ተነሥቶ ከ180 በታች የወረደባቸው ሰዎች፣ በመካከለኛው ከጸኑት ይልቅ የሞት መጠናቸው በ30 በመቶ በለጠ። በሁለቱም ልኬት ዝቅተኛ ሆነው የተገኙት ግን ይህን ያህል ትርጉም ያለው ጭማሪ አልታየባቸውም። የጉበት በሽታና አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ልኬቱ ከወረደባቸው ሰዎች ሞት ጋር ተያይዘው ተገኙ። የራቭንስኮቭን ክርክር የሚያናጋው ይህ ልዩነት ነው፤ አደጋው ካለበት ከጸናው ዝቅተኛ ኮሌስትሮል ሳይሆን ካሽቆለቆለው ጋር ነው የሚሄደው።

የፍራሚንግሃም ጥናትም በ1987 በአንደርሰን፣ በካስቴሊና በሌቪ ጽሑፍ ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል። በመጀመሪያዎቹ 14 ዓመታት ኮሌስትሮላቸው የወረደባቸው ሰዎች በቀጣዮቹ 18 ዓመታት ሞታቸው በዛ። የዚህን ጽሑፍ አንዱን ግኝት፣ ማለትም ከ50 ዓመት በኋላ ኮሌስትሮል ከጠቅላላ ሞት ጋር ዝምድና አለማሳየቱን፣ ብዙዎች ይጠቅሱታል። ጸሐፊዎቹ ይህ ውጤት ልኬታቸው እየወረደ በመጡ ሕሙማን የተዛባ ሊሆን ይችላል ማለታቸውን ግን ይዘሉታል።

በክትትሉ የመጀመሪያ ዓመታት የሞቱትን ያስወጡ ጥናቶች አሉ የሚል መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ማሽቆልቆሉ ከሞት በፊት ብዙ ዓመት ቀድሞ ከጀመረ፣ የጥቂት ዓመታት ሟቾችን ማስወጣት አያጠራውም። ሻትዝና ባልደረቦቹ በ2001 እዚያው ሆኖሉሉ ዝቅታው የጸናባቸውም ሰዎች በብዛት እንደሞቱ ጽፈዋል፤ እነዚያ ግን ከ71 እስከ 93 ዓመት የሆናቸው አረጋውያን ናቸው፤ በዚያ ዕድሜ የድካምን ድርሻ ለይቶ ማውጣት አዳጋች ነው። በተፈጥሮ ዝቅታን የወረሱትን እንይ። በ2006 ኮኸንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ፒሲኤስኬ9 የተባለው ዘረ መል የተበላሸባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ሲሆን የልብ ሕመማቸው በ88 በመቶ ያነሰ ነበር።

የኢሪባረን ግኝት ወንዶችን ብቻ ስለሚመለከት ለሴቶች እንዳለ መውሰድ እንደሚያስቸግር አምናለሁ። ከ19ኙ ጥናቶች ተደጋጋሚ ልኬት ያላቸው ካሉ፣ የወረደባቸውንና ያልወረደባቸውን ለይቶ እንደገና ማስላት የራቭንስኮቭ ቡድን ዕዳ ነው።