የኬልቶች ወርቅ፦ ምስሉና ሚዛኑ

የአንድን አገር የገንዘብ ነፃነት ስንመዝን፣ ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በገንዘቡ ላይ በታተመው ስምና ምስል ላይ ነው። የጥንት ኬልቶች የወርቅ ሳንቲሞች ይህ መመዘኛ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ያሳያሉ።

የመቄዶንያው ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስ (359–336 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) ያስመታው ስታቴር 8.6 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። በአንድ ገጹ የአፖሎ ራስ፣ በሌላው በሁለት ፈረሶች የሚሳብ ሠረገላ ተቀርጾበታል። በግሪክ ነገሥታት ጦር ውስጥ በቅጥር የተዋጉ ኬልቶች ይህን ወርቅ ይዘው ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ይታመናል። በጋሊያ፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ፣ የሚኖሩ ጎሳዎች በመጀመሪያ ምስሉን እንዳለ ቀዱት። እየቆየ ግን ሠረገላው ወደ አንድ መንኰራኵር ተመናመነ፤ ፈረሱ ብቻውን ገነነ፤ የአፖሎም ፀጉር በጥምዝ መስመሮች ገጹን ሞላው። የፓሪሲ ጎሳ ስታቴሮችን ያየ ሰው ይህን የእጅ ድክመት ሊለው አይችልም። የተዋሱትን መልክ የራሳቸው አድርገውታል።

በ58 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ዩልየስ ቄሣር ጋሊያን መውረር ሲጀምር የተለወጠው ምስሉ ሳይሆን ሚዛኑ ነበር። በሰሜን ጋሊያ በጦርነቱ ዘመን የተመቱት ስታቴሮች ወደ 6.2 ግራም ገደማ ወርደዋል፤ አንደኛው ገጻቸውም ባዶ ነው። ብዙ አጥኚዎች ለጦር ወጪ በብዛት እንደተመቱ ይገምታሉ። የጋሊያን ዐመፅ የመራው ቬርሲንጌቶሪክስ የገዛ ስሙን በወርቅ ላይ አሳተመ፤ ዳሩ ግን በ52 በአሌዚያ እጁን ሰጠ። ሮማዊው ጸሐፊ ስዊቶኒየስ እንደሚነግረን፣ ቄሣር ከጋሊያ የዘረፈው ወርቅ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ በኢጣሊያ አንዱ ፓውንድ በ3,000 ሴስተርስ ይሸጥ ነበር።

በብሪታንያም ታሪኩ ተደገመ። በካሙሎዱኑም፣ በዛሬዋ ኮልቼስተር፣ የነገሠው ኩኖቤሊን በወርቁ ላይ የእህል ዛላ ቀረጸ፤ ስሙንና የከተማውን ስም በላቲን ፊደል አኖረ። እርሱ ከሞተ በኋላ በ43 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ጦር ባሕሩን ተሻግሮ ከተማይቱን ያዘ። የደቡብ ምሥራቅ ነገሥታት የወርቅ ሳንቲምም በዚያው አበቃ።

እንግዲህ የባዕድ ምስል መዋስ ኬልቶችን አላስገበራቸውም፤ የገዛ ስምን ማተምም አላዳናቸውም። የአገር ገንዘብ የሚጸናው ከጀርባው ባለው ሀብትና ያን ሀብት ሊጠብቅ በሚችል ኃይል ነው። ስለ ገንዘብ ሉዓላዊነት ስንከራከር ከገንዘቡ ገጽታ ይልቅ ይህን አስቀድመን ብንጠይቅ ይበጃል።