ከንፍፊቱ በፊት ወንዙ

አዳማ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ጓደኛዬ የአባቱን የሲቲ ስካን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። የሽንት ፊኛ ካንሰር። «ወደ ንፍፊቶቹ ሄዷል ወይ ስንል፣ ኦፕራሲዮን ሆኖ ሳይታይ በእርግጠኝነት አይታወቅም ተባልን። አንተ ፕሮግራመር አይደለህ? ኮምፒውተር ይህን መገመት አይችልም እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁት ግን ከኮድ ይልቅ ታሪክ ነው።

ሲቲ ስካን ንፍፊትን የሚጠረጥረው በዋናነት በመጠኑ ነው። ገና ያላበጠ ንፍፊት ውስጥ የተደበቁ ጥቂት የካንሰር ሴሎች ያመልጡታል። ግምት ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ግምቱ ደግሞ ከኮምፒውተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1946 ጁዌትና ስትሮንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የ107 ሟቾችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላብጠው አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ ካንሰሩ የፊኛውን ግድግዳ ምን ያህል ጠልቆ ገብቷል? ከጡንቻው ሳያልፍ ከቀረባቸው 15 ሰዎች መካከል የተሰራጨባቸው 13 በመቶ ነበሩ። ግድግዳውን አልፎ ከወጣባቸው 89 ሰዎች ግን 74 በመቶ! ዛሬ በማሽን ለርኒንግ የሚሠሩ ሞዴሎችም ይህን ጥልቀት አልተዉትም።

እዚህ ላይ የእኛ ወንዝ ይገባል። የጓደኛዬ አባት ወጣትነታቸውን ያሳለፉት መካከለኛው አዋሽ፣ ጥጥ እርሻ ላይ ነው። አዋሽ ከቆቃ ወርዶ የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቶ ወደ አፋር ቆላ ይዘልቃል። በዚህ መስመር ቢልሃርዚያ ሁለት ዓይነት ነው። ወንጂ መስኖ ላይ የሚታወቀው አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል፤ የመካከለኛው አዋሽ ረግረግ ያለው ፊኛን። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው የሚሻገሩት በውሃ ቀንድ አውጣ በኩል ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ እንዶድን የመረመረው ይህን መንገድ ለመቁረጥ ነበር።

የፊኛው ቢልሃርዚያ ካንሰር እንደሚያመጣ ፈርጉሰን የተባለ ሐኪም ከግብፅ የጻፈው በ1911 ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 አጸደቀው። የግብፅ ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋሉ፦ ቢልሃርዚያ ባጠቃው ፊኛ ላይ የሚነሳው ካንሰር ብዙ ጊዜ ዓይነቱ የተለየ ነው፤ ወደ ንፍፊት የሚሄደውም ከተጠበቀው ባነሰ መጠን ነው። የትሉ እንቁላል የተወው ጠባሳ የሊምፍ መስመሮችን ስለሚዘጋ ይሆናል ብለው አብራሩት።

ለእኔ ለፕሮግራመሩ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አዋሽን በማያውቁ ሰዎች መረጃ የሠለጠነ ሞዴል የአዋሽን ሰው ሊስት ይችላል።

የአባቱ ካንሰር ከወንዙ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሲጋራም ያጨሱ ነበር። ለጓደኛዬ የነገርኩት ይህን ነው፦ «ኮምፒውተሩ ይገምታል፤ ግን መጀመሪያ አንድ ሰው አባትህን የት ውሃ ውስጥ ነው የሠሩት ብሎ ጠይቆ መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት።» ዝም ብሎ ወረቀቱን ገለበጠው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ። አድራሻው አዳማ ይላል።