በሐዲድ ላይ ቤት መሥራት፡ ጥቅሙ፣ አደጋውና ጥንቃቄው

በኢትዮጵያ የባቡር መሠረተ ልማት ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ በኩል ወደ ሰመራ የሚዘልቅ መስመር ተካቶ ነበር። መስመሩ እስካሁን አልተገነባም። ይሁንና ሐዲድ ከተዘረጋ በኋላ ከተማ በዙሪያው ማደጉ ስለማይቀር፣ በሐዲድ ላይ መኖሪያና የንግድ ቤት መሥራት የሚቻልበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ለጅጋ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ነዋሪዎች ይጠቅማል። ከተማ ወደ ጎን በሰፋ ቁጥር በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ የሚያበቅለው ማሳ ስለሚጠብ ጉዳዩ አርሶ አደሩንም ይመለከታል።

አሠራሩ

በሐዲዶች መካከል ዓምዶች ይተከላሉ፤ በዓምዶቹ ላይ ወፍራም የአርማታ ወለል ይዘረጋል፤ ቤቶቹና ሱቆቹ በዚህ ወለል ላይ ይቆማሉ። ባቡሩ ሥራውን ስለማያቋርጥ ቁፋሮውና የከባድ ብረት ተከላው በአብዛኛው ሌሊት፣ ሐዲዶች በየተራ እየተዘጉ ይከናወናሉ።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 በኒው ዮርክ የባቡር መተላለፊያ ዋሻ ውስጥ ጭስ የምልክት መብራትን ጋርዶ ባቡሮች ተጋጩ፤ ቢያንስ 15 ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በእንፋሎት ባቡር ፈንታ የኤሌክትሪክ ባቡር ተጠቀመች። ጭሱ ሲቀር ሐዲዶቹን ሸፍኖ በላያቸው መገንባት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1913 በተከፈተው ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ዙሪያ የሚገኙ በርካታ ሕንፃዎች እስከ ዛሬ በሐዲድ ላይ ቆመዋል። ሆንግ ኮንግም በባቡር ማደሪያ ጣሪያ ላይ የመኖሪያ መንደር ሠርታለች።

ዋና ዋና አደጋዎች

የመጀመሪያው አደጋ ግጭት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 1977 በአውስትራሊያ ግራንቪል ከሐዲድ የወጣ ባቡር የድልድይ ዓምዶችን መታ፤ ድልድዩ በባቡሩ ላይ ወድቆ 83 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ በሐዲድ ዳር የሚተከል ዓምድ ግጭትን የሚቋቋም፣ በመከላከያ ግንብም የተጠበቀ ሊሆን ይገባል። አንድ ዓምድ ቢጎዳ እንኳ ሌሎቹ ሸክሙን መያዝ አለባቸው።

ሁለተኛው እሳትና ጭስ ነው። ወለሉ እሳትን ለረጅም ሰዓት መቋቋም፣ ከሥሩ ያለው ቦታም ጭስ ማስወጫና የሰው ማምለጫ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ምረቃው ጀምሮ የሚታወቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ይህን ያህል ኃይል ሽቦው ሳይነካም በአየር ዘልሎ ሊገድል ይችላል። ስለሆነም በሽቦውና በወለሉ መካከል በቂ ርቀት ይተዋል፤ ከላይ ውኃም ሆነ ብረት እንዳይወድቅ ይከለላል።

አራተኛው ንዝረት ነው። ሕንፃው በላስቲክ ወይም በብረት ሞላ ትራስ ላይ ካላረፈ፣ ነዋሪው ባቡር ባለፈ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል።

ለከተሞቻችን ምን ይበጃል?

የአርማታው ወለል ከመጀመሪያው ቤት በፊት መሠራት ስላለበት ወጪው ከፍተኛ ነው፤ የሚያዋጣውም መሬት እጅግ ውድ በሆነበት ከተማ ብቻ ነው። ለጅጋና ለአጎራባቾቿ ርካሹ ጥንቃቄ ባቡር ሊያልፍበት የሚችለውን ቦታ በከተማ ፕላን ለይቶ ከግንባታ ነፃ ማቆየት፣ የሰውና የከብት መሻገሪያንም አስቀድሞ መወሰን ነው። ወደፊት በሐዲድ ላይ ለመገንባት የሚታሰብ ከሆነ፣ ሐዲዱ ሲዘረጋ ለዓምዶች የሚሆን ቦታ መተው ኋላ ከማፍረስ ያድናል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበትም ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። በመሆኑም አርሶ አደሩ ቤቱን፣ ቋሚ ተክሉንና በመሬቱ ላይ ያፈራውን ሁሉ አስመዝግቦ ማስረጃውን በእጁ ማቆየት ይኖርበታል።