ሃይብሪድ መኪና ነዳጅ አልቀበል ሲል

በነዳጅ ማደያ ሰልፍ ረጅም ሰዓት የቆመ አሽከርካሪ ተራው ደርሶ መቅጃው ሁለት ሊትር እንኳ ሳያወርድ "ቀጭ" ብሎ ሲቆምበት በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ማደያውን ነው። ቀጂው በበኩሉ መኪናውን ይጠረጥራል። ከኋላ የተሰለፉት ደግሞ ሁለቱንም ሳይጠብቁ ጡሩምባ ይነፋሉ። በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ኃይል ተጣምረው በሚሠሩ ሃይብሪድ መኪናዎች ላይ ይህ ችግር ሲደጋገም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ነዳጁም ቆጣሪውም አይደለም። ከነዳጅ ታንኩ መውጣት ያልቻለ አየር ነው።

ነገሩን ለመረዳት እንስራ ወንዝ ውስጥ ሲጠልቅ የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል። እንስራው ውኃ የሚቀበለው በውስጡ ያለውን አየር እየተፋ ነው። አንገቱ ጠባብ ከሆነ አየሩና ውኃው ይጋፋሉ፤ እየተንቦጫረቀ ይሞላል። ነዳጅ ታንክም፣ መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት ማለት ነው፣ ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲገባ አንድ ሊትር የሚያህል አየርና የቤንዚን ትነት መውጫ ማግኘት አለበት። መውጫው ከጠበበ ነዳጁ በመሙያው ጉሮሮ ላይ ተመልሶ ይከማቻል።

መቅጃው በራሱ ጊዜ የሚቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። በአፍንጫው ጫፍ አጠገብ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ አለች። ነዳጁ በሚፈስበት ጊዜ በዚህች ቀዳዳ አየር ይሳባል። ነዳጅ ወይም አረፋ ቀዳዳዋን ሲደፍናት በመቅጃው ውስጥ ያለው ስበት ይጨምርና መዝጊያውን ያላቅቀዋል። መቅጃው ታንኩ ሙሉ ይሁን ባዶ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው ጫፉ ላይ ፈሳሽ መድረሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ታንኩ ባዶ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ቤንዚን ከተጠራቀመ "ሞልቷል" ብሎ ይፈርዳል።

ይህ እስከዚህ ድረስ ለማንኛውም ቤንዚን መኪና ይሠራል። ሃይብሪዱን የሚለየው የአየር መውጫው መንገድ ነው። በዘመናዊ መኪናዎች የቤንዚን ትነት በቀጥታ ወደ ውጭ አይለቀቅም። በከሰል ወደተሞላ ሳጥን ይገባል፤ ከሰሉ ትነቱን ይዞ ንጹሑን አየር ብቻ ወደ ውጭ ያሳልፋል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በከሰሉ ውስጥ የተያዘውን ትነት ስቦ ያቃጥለዋል። ሃይብሪድ መኪና ግን ሞተሩን ደጋግሞ ያጠፋል፤ በከተማ ውስጥ ረጅሙን ጊዜ በባትሪ የሚሄድም አለ። ሞተሩ ካልሠራ ከሰሉ የሚጸዳበት ዕድል ያንሳል።

አምራቾች ለዚህ ያበጁት መፍትሔ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። ባትሪያቸውን ራሳቸው እየሞሉ የሚሄዱት፣ ለምሳሌ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው ፕሪየስና ተከታዮቹ፣ ነዳጅ አቀባበላቸው ከተለመደው መኪና ብዙም አይርቅም። ከቤት ሶኬት የሚሞሉት ሃይብሪዶች ግን ሞተራቸው ለቀናት ሳይነሳ ሊቆይ ስለሚችል ብዙዎቹ ታንካቸው በቫልቭ ታፍኖ የተዘጋ ነው። ትነቱ በታንኩ ውስጥ ታምቆ ይቆያል። በእነዚህ መኪናዎች ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው መቅዳት አይቻልም። በመጀመሪያ በዳሽቦርዱ ወይም በበሩ ላይ ያለውን የነዳጅ መክፈቻ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። መኪናው የታመቀውን ግፊት በከሰሉ በኩል ያስተነፍሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የመሙያው መዝጊያ የሚለቀቀው። ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚወስድበት ጊዜ አለ፤ ታንኩ ከጋለ ግን ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። በስክሪኑ ላይ "ይጠብቁ" የሚል መልእክት እያለ መዝጊያውን በጠመንጃ መፍቻ መፈልቀቅ የብዙ መኪኖችን መቆለፊያ የሚሰብር ስህተት ነው።

እዚህ ላይ የሀገራችን መልክዓ ምድር የራሱ ድርሻ አለው። በዓባይ በረሃ ሙቀት ውስጥ አልፎ ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይጓዛል። በበረሃው የጋለው ቤንዚን ይተናል፤ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል። የታፈነ ታንክ ያለው መኪና ደጀን ላይ ለመቅዳት ሲቆም በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው በእጅጉ ይበልጣል። በዚህ ጊዜ መዝጊያው ቢዘገይ ወይም ክዳኑ ሲላላ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ቢሰማ ብልሽት አይደለም። አሽከርካሪው ሰልፍ ውስጥ ሳለ፣ ተራው ሊደርስ አንድ ሁለት መኪና ሲቀረው ቁልፉን ቢጫን ጊዜ ያተርፋል። በጣም ቀድሞ መጫንም አይመከርም፤ አንዳንድ ሞዴሎች የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ ታንኩን መልሰው ስለሚዘጉ ቁልፉ እንደገና መጫን ይኖርበታል።

ሁለተኛው ሀገርኛ ምክንያት አቧራ ነው። ከከሰሉ ሳጥን የሚወጣው አየር ወደ ውጭ የሚተነፍስበት ቱቦ በአብዛኞቹ መኪናዎች ከታች፣ በታንኩ ወይም በኋላ ጎማ አካባቢ ይገኛል። በቱቦው ጫፍ ላይ ማጣሪያ ይኖራል። በጋ ከክረምት በፒስታ መንገድ የሚመላለስ መኪና ይህ ማጣሪያ በአቧራና በጭቃ ይደፈናል፤ ቆሞ የሚውል መኪና ከሆነ ደግሞ ሸረሪት ወይም ሌላ ነፍሳት ጎጆ ሊሠሩበት ይችላሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው። መኪናው መቅጃው በቀስታ ሲከፈት ይቀበላል፤ በፍጥነት ሲቀዳበት ግን ወዲያው ይቆርጣል። ይህ በአንድ ማደያ ብቻ ከታየ የማደያው መቅጃ ጉድለት ሊሆን ይችላል። በሁለት በሦስት ማደያ ከተደገመ ግን ችግሩ ከመኪናው ጋር ነው፤ ማጣሪያውና ቱቦው እንዲታዩ ወደ ጋራዥ መውሰድ ይገባል። በብዙ ጋራዦች የተለመደው በመሙያው ጉሮሮ በኮምፕረሰር አየር መንፋት ግን መፍትሔ ሳይሆን ሌላ ወጪ ነው። ኃይለኛ አየር ቫልቮቹን ይጎዳል፤ የከሰሉን ብናኝም በቱቦዎቹ ውስጥ ይበትነዋል።

ከሁሉ ይልቅ መኪናውን የሚጎዳው ግን መቅጃው ከቆመ በኋላ የሚደረገው ነው። ነዳጅ እንደ ልብ በማይገኝበት ወቅት ተራ የደረሰው ሰው እስከ አፍ ሞልቶ መሄድ ቢፈልግ አይፈረድበትም። መኪናውን በግራና በቀኝ እየወዘወዙ ተጨማሪ ነዳጅ ማስገባትም በየማደያው የሚታይ ነገር ነው። ችግሩ በታንኩ አናት ላይ ባዶ የተተወው ቦታ በከንቱ የተተወ አለመሆኑ ነው። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ ትነቱም መቀመጫ ይፈልጋል። ያ ቦታ በፈሳሽ ሲሞላ ቤንዚኑ ትነት ብቻ እንዲያልፍበት በተሠራው ቱቦ ወደ ከሰሉ ሳጥን ይገባል። በፈሳሽ ቤንዚን የተነከረ ከሰል ትነት መያዝ ያቆማል፤ አየሩም እንደ ልብ አያልፍበትም። ለሃይብሪድ ጉዳቱ ይበረታል፤ ሞተሩ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚነሳ የተነከረውን ከሰል ቶሎ ማድረቅ አይችልም። በዚህ መንገድ የተገኘችው አንድ ወይም ሁለት ሊትር በሚቀጥለው ሰልፍ ላይ መኪናው ነዳጅ የማይቀበልበት ምክንያት ትሆናለች። ከተቀዳ በኋላ በመኪናው ዙሪያ የቤንዚን ሽታ የሚሰማ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲነሳ የሚንገጫገጭ ከሆነ ወይም የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ የከሰሉ ሳጥንና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቫልቭ መመርመር አለባቸው። መቅጃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ማቆም እዚህ ሁሉ ከመድረስ ያድናል።

ለማደያ ሠራተኞች ጭምር ሊነገር የሚገባው ሌላ ጉዳይ ዝምታው ነው። ሃይብሪድ መኪና ሞተሩ ድምፅ ስላላሰማ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በዳሽቦርዱ ላይ "ሬዲ" ወይም "ኦኬ" የሚለው መብራት እስከበራ ድረስ መኪናው በሥራ ላይ ነው። ባትሪው ዝቅ ካለ ወይም የአየር ማቀዝቀዣው ኃይል ከጠየቀ የቤንዚን ሞተሩ በራሱ ጊዜ ሊነሳ ይችላል፤ መቅጃው ጉሮሮው ውስጥ ባለበት ሰዓትም ቢሆን። አሽከርካሪው ማርሹን ማቆሚያው ላይ አድርጎ የማስነሻውን ቁልፍ መጫንና መብራቱ መጥፋቱን በዓይኑ ማረጋገጥ አለበት። ቀጂውም "ሞተር አጥፋ" ሲል "ጠፍቷል እኮ" የሚለውን መልስ ሰምቶ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ መብራቱን ማየት ይችላል።

የመሙያው መዝጊያ ጨርሶ አልከፈት ካለ ከግፊቱ ሌላ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንዳንድ መኪናዎች በሮቻቸው ካልተከፈቱ የነዳጁን መዝጊያም አይለቁም፤ ሁሉንም በር ከቆለፋ ነጻ ማድረግ ይበቃል። ሌላው ባለ 12 ቮልቱ ትንሹ ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ቁልፎቹንና ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ነው፤ እርሱ ከደከመ መዝጊያው ትእዛዝ አይሰማም። ብዙ ሞዴሎች ለዚህ ጊዜ በኋላ ዕቃ መጫኛው ጎን፣ ከሽፋኑ ጀርባ የሚሳብ ገመድ አላቸው። ቦታው በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል።

ነዳጅ ጨርሶ ማለቅ በሃይብሪድ ላይ ከሌላው መኪና የከፋ መዘዝ አለው። "ባትሪ አለኝ" ብሎ የሚቀጥል ሰው ከሶኬት በማይሞላ ሃይብሪድ የሚያገኘው ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የቶዮታን በመሳሰሉ ሃይብሪዶች የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሳው ትልቁ ባትሪ ነው፤ የተለመደው ማስነሻ ሞተር የላቸውም። ትልቁ ባትሪ ተሟጦ ካለቀ ቤንዚን ቢመጣም ሞተሩ አይነሳም፤ ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ መለኮስም ትንሹን ባትሪ እንጂ ትልቁን አያነቃውም። መኪናው ተጭኖ ዕውቀቱ ወዳለበት ጋራዥ መሄድ ይኖርበታል። ስለዚህ ቤንዚን ያለቀበት ሃይብሪድ ወዲያው ዳር ይዞ መቆምና መጥፋት አለበት። ነዳጅ ሲመጣለትም አንድ ሊትር ብቻ በተለይ ዳገት ላይ ለቆመ መኪና ላይበቃ ይችላል፤ ፓምፑ የሚደርስበት ያህል መጨመር ያስፈልጋል።

እንዲህ ባለው ጊዜ ከጀሪካን መገልበጥ የግድ ከሆነ በቀስታ፣ ንጹሕ በሆነ ማጥለያ መሆን አለበት። የታፈነ ታንክ ያላቸው መኪናዎች ለጀሪካንም ቢሆን ቁልፋቸው ተጭኖ ግፊታቸው መውጣት አለበት። ክዳን የሌላቸው፣ በውስጣቸው የሚገፋ መዝጊያ ብቻ ያላቸው መሙያዎች ከመኪናው ጋር የሚመጣ የራሳቸው ማጥለያ ይፈልጋሉ፤ በተገኘው የፕላስቲክ ጠርሙስ መዝጊያውን መግፋት ቤንዚኑን መሬት ላይ ከማፍሰስ አያልፍም። ለውኃ መሳቢያ ሞተር ያገለገለ ጀሪካን በተለይ መፈተሽ አለበት፤ ከሥሩ የቀረ ውኃ ወይም ናፍጣ ለሃይብሪዱ ሞተር መርዝ ነው።

ናፍጣ በስህተት ከተቀዳ ደግሞ መኪናውን ከማስነሳት መቆጠብ ይገባል። የናፍጣ መቅጃ አፍንጫ ከቤንዚኑ ስለሚወፍር በብዙ ቤንዚን መኪናዎች ጉሮሮ አይገባም፤ አልገባ ያለን አፍንጫ ታግሎ ከማስገባት በፊት የቀለሙንና የጽሑፉን ምልክት ማየት ይሻላል። ከተቀዳ ግን "ሬዲ" ሳይበራ መኪናው ተገፍቶ ከሰልፉ ይውጣና ታንኩ ይራገፍ።

ያገለገሉ መኪናዎችን የሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ መኪናዎች በታንካቸው ውስጥ የሚለጠጥ የጎማ ከረጢት አላቸው። ከረጢቱ በብርድ ስለሚጠነክር በብርዳማ ማለዳ የሚቀበለው ነዳጅ ከቀትር ያነሰ ይሆናል፤ ጌጁም አንዳንዴ ያሳስታል። ይህ የአሠራሩ ጠባይ እንጂ ብልሽት ስላልሆነ ታንኩን አስፈትቶ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከ2010 ጀምሮ በመጣው ትውልድ ላይ ከረጢቱ ቀርቷል።

ተራው ደርሶ መቅጃው ሲቆርጥ አሽከርካሪውና ቀጂው እዚያው የሚሞክሩት ጥቂት ነገር ነው። የመኪናው መብራት መጥፋቱንና የታፈነ ታንክ ከሆነ መዝጊያው በሥርዓቱ መለቀቁን ያያሉ። አፍንጫውን እስከ መጨረሻው አስገብተው በመጠኑ ወደ ጎን ያዞሩታል፤ አቅጣጫው ሲቀየር በጉሮሮው የሚጋጨው ነዳጅ ይቀንሳል። ከዚያ መያዣውን በግማሽ ብቻ ይጫናሉ። በዚህ ከቀዳ ቀስ ብሎ ይቀዳ። አሁንም ከቆረጠ በሌላ መቅጃ አንድ ጊዜ ይሞከራል፤ ካልሆነ ቀሪው የጋራዥ ሥራ ነው። ከመኪናው ሥር የሚገባው መካኒክ በብርቱካናማ ሽፋን የተጠቀለሉት ሽቦዎች ሰው የሚገድል ኃይል የሚያልፍባቸው መሆናቸውን የሚያውቅ መሆን አለበት፤ በብዙዎቹ ሃይብሪዶች ከ200 ቮልት በላይ ነው።