ከአጥሩ ውጭ የቆመ ሰፈር



«ስደተኛ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በሰው አገር ጉዳይ አይገባም» የሚል አነጋገር በመካከላችን አለ። ብዙ ወጣቶቻችንም «ወረቀታችን ሲመጣ እንሠራለን» እያሉ ቀኑን ያሳልፋሉ። ለመሆኑ ታሪክ ምን ይላል? የጅቡቲን ከተማ እንጠይቅ። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል።

እንደሚታወቀው ሁሉ ጅቡቲ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሠራት ወደብ ናት። ኢሳውና አፋሩ፣ የየመኑ ዐረብ፣ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው የባቡር ሐዲድም የወረደው ኢትዮጵያዊ በአንድነት ኖሩባት።

ኦገስት 25 ቀን 1966 ፕሬዚዳንት ደጎል ከተማይቱን ሲጎበኙ ወጣቶች የነጻነት መፈክር ይዘው አደባባይ ወጡ። ግጭት ተነሣ፤ ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ገዢዎቹ ከተማይቱን በእሾህ ሽቦ አጠሯት። ማርች 19 ቀን 1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከፈረንሳይ ጋር መኖር አሸነፈ ተባለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሶማሌዎችም የውጭ ሰዎች ናችሁ ተብለው ተባረሩ። ልብ እንበል፤ ስለሚኖርበት ከተማ ለተናገረ ሰው የተሰጠው መልስ «አንተ እንግዳ ነህ» የሚል ነበር።

ነገር ግን አጥሩ ሰውን አላስቀረም። መግባት የተከለከለው ከሽቦው ውጭ ከቆርቆሮና ከእንጨት ጎጆ ቀለሰ። ባልባላ የሚባለው ሰፈር እንዲህ አደገ። ጁን 27 ቀን 1977 ነጻነት መጣ፤ በ1980ዎቹም ባልባላ የከተማይቱ ክፍል ሆኖ ተቆጠረ። እንግዲህ ሰፈሩ ቀደመ፤ ወረቀቱ ተከተለ።

የኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ አዲስ አበባ የገቡ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው የትውልድ አገራቸውን መንገድ ማሠራት ጀመሩ። የከተማው እድርም ቢሆን ከዘመዱ የራቀ ሰው «ማን ይቀብረኛል?» ላለው ጥያቄ የተገኘ መልስ ነው።

ጅቡቲ በጃንዋሪ 2017 ያወጣችው ሕግ ለስደተኛ የትምህርት፣ የሥራና የሕክምና በር ከፍቷል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የኢጋድ አገሮች በጅቡቲ ከተማ ተሰብስበው የስደተኛ ልጆች በየአገሩ የትምህርት ሥርዓት እንዲካተቱ ተስማሙ። ድምፅ መስጠት የዜጎች ነው፤ እሱን አናነሣም። ነገር ግን የውኃ ወረፋ ለማስከበር፣ አዲስ ለመጣው ለማስተርጎም፣ ፊደል ለማስቆጠር፣ በሽተኛ ለመጠየቅ፣ በስብሰባም ላይ ወንዱም ሴቷም ሐሳባቸውን ለመናገር የማንን ወረቀት እንጠብቃለን?

ወረቀቱ ይዘገይ ይሆናል። ዛሬ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ በሰባት ዓመቱ ቆሞ አይጠብቀንም።