«አይቻልም» የተባለው ጭስ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1943 የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ከተማዋን በጉም ተውጣ አገኟት። ጉሙ ግን የለመዱት የባሕር ጉም አልነበረም። ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ቅርብ ያለውን ሕንፃ ሳይቀር ይሸፍናል። ጊዜው የጦርነት ነበርና ብዙ ሰው መጀመሪያ የጠረጠረው ጃፓንን ነው፤ «መርዝ ጋዝ ለቀቀችብን» ተባለ። ቀጥሎ ጣት የተቀሰረው ለሰው ሠራሽ ጎማ ግብዓት በሚያመርት አንድ የከተማው ፋብሪካ ላይ ነበር። ፋብሪካው ለጊዜው ሥራ አቆመ። ጉሙ ግን ተመልሶ መጣ።

ዋናው ጥፋተኛ በየሰው ደጃፍ ቆሞ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ግን ወደ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ።

እንቆቅልሹን የፈቱት አሪ ሃገን-ስሚት የተባሉ ትውልደ ሆላንዳዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ናቸው። በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያጠኑ የነበረው ስለ አናናስ ጣዕምና ሽታ ነበር። ያንኑ ሽታ የመለየት ጥበብ ይዘው የከተማውን አየር መመርመር ጀመሩ። ያገኙት ውጤት ይህ ነው፦ ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነት እና የናይትሮጂን ኦክሳይድ ጋዝ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኛቸው ኦዞን ይፈጥራሉ። ኦዞን ከላይ በሰማይ ጥላ ነው፤ ታች ሲገኝ ግን ሳንባ ያቃጥላል፣ የመኪና ጎማ ሳይቀር ይሰነጣጥቃል።

የነዳጅ ኩባንያዎች ግኝቱን በቀላሉ አልተቀበሉትም። እነርሱ ገንዘብ የከፈሉላቸው ተመራማሪዎች የሃገን-ስሚትን ሥራ አጣጣሉት። ሰውየው ግን አናናሱን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለጭሱ ሰጡ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1968 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆኑ።

መኪና አምራቾቹስ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1969 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ያቀረበው ክስ ይህን ይመለከታል። ክሱ አራቱ ትልልቅ የአሜሪካ መኪና አምራቾችና ማኅበራቸው ከ1953 ጀምሮ የጭስ መቀነሻ መሣሪያዎች እንዲዘገዩ ተመሳጥረዋል የሚል ነበር። በመካከላቸው ማንም ቀድሞ እንዳይወጣ ተስማምተዋል ማለት ነው። ጉዳዩ ክርክር ሳይሰማበት በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ አደረገ። ችግሩ ታውቆ፣ መፍትሔውም እየተፈለገ፣ ጭሱ ግን እንደነበረ ሊቀጥል ይችላል። ቀድሞ የሚያወጣ ወጪውን ብቻውን ይሸከማላ!

በቴክኒክ በኩልም ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሞተር ውስጥ ነዳጅ በዝቶ አየር ሲያንስ ቤንዚኑ በደንብ አይቃጠልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድና የነዳጅ ትነት ይወጣል። እሳቱ ሲግል ደግሞ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጂንና ኦክስጅን ተዋህደው ናይትሮጂን ኦክሳይድ ይፈጠራል። አንዱን ሲቀንሱት ሌላው ይጨምራል። አምራቾቹ «አይቻልም» ሲሉ የሚያቀርቡት ምክንያት ጨርሶ ውሸት አልነበረም ማለት ነው።

ነገሩን የቀየረው አንድ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በሴናተር ኤድመንድ መስኪ መሪነት የተዘጋጀው የንጹሕ አየር ሕግ በሴኔቱ 73 ለ 0 አለፈ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ፈረሙበት። ሕጉ «አምራቾች የተቻላቸውን ያድርጉ» አላለም። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ በ90 በመቶ ይቀንስ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ናይትሮጂን ኦክሳይድም እንዲሁ ይቀንስ አለ። ቁጥርና ቀን ቆረጠ። በዚያ ጊዜ ይህን የሚያሟላ መኪና ገበያ ላይ አልነበረም።

ከዲትሮይት የተሰማው መልስ የታወቀው ነው፦ ጊዜው አጭር ነው፣ ቴክኖሎጂው የለም፣ ኢንዱስትሪው ይሞታል።

በመጀመሪያ የመለሰላቸው ግን ያልጠበቁት ኩባንያ ነው። ሆንዳ በሞተር ሳይክል የታወቀ፣ መኪና መሥራት ከጀመረ ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲቪሲሲ የሚባል ሞተር ይዞ ብቅ አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ካንዴላው አጠገብ ትንሽ ክፍል አለች፤ እዚያ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ይቀጣጠላል። ከእርሷ የሚወጣው ነበልባል ደግሞ በዋናው ሲሊንደር ያለውን ነዳጅ የቀነሰ ድብልቅ ቀስ ብሎ ያቃጥለዋል። እሳቱ መጠነኛ ስለሆነ ናይትሮጂን ኦክሳይዱ ይቀንሳል፤ ነዳጁም ተቃጥሎ ያልቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፈተነው፤ የ1975ን መስፈርት አለፈ።

«ይህማ ለትንንሽ ሞተር ነው፣ ለአሜሪካ ትልልቅ መኪና አይሆንም» የሚል መልስ ተሰማ። የሆንዳ መሐንዲሶች የጄኔራል ሞተርስን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሼቭሮሌት ኢምፓላ ገዙ፣ ቴስታታውን በራሳቸው አሠራር ቀየሩት፣ ለኤጀንሲው አቀረቡት። እርሱም አለፈ።

ያም ሆኖ ሕጉ ሙሉ በሙሉ በቀኑ አልተፈጸመም። የኤጀንሲው ኃላፊ ዊልያም ራክልስሃውስ እ.ኤ.አ. በ1973 የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ሰጡ። ነገር ግን ባዶ ማራዘሚያ አልነበረም፤ ቀለል ያለ ጊዜያዊ መስፈርት አስቀመጡ፣ ለካሊፎርኒያም ጠበቅ ያለውን ለዩ። ውጤቱ በ1975 ሞዴሎች ታየ። አብዛኞቹ የአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ከማርሚታው በፊት ካታላይቲክ ኮንቨርተር ተገጥሞላቸው ወጡ። ይህ መሣሪያ በፕላቲነምና በመሰል ብረቶች የተለበጠ ቀፎ ነው፤ መርዛማው ጋዝ በውስጡ ሲያልፍ ወደ ውሃ ትነትና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቮልቮ ኦክስጅን በሚለካ ሴንሰር የሚታገዝ ኮንቨርተር አመጣ፤ ይኸኛው ሦስቱንም ጋዞች በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። «አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል» የተባለው እንቆቅልሽ በዚያ ተፈታ።

ኮንቨርተሩ ያስከተለው ሌላ ለውጥ ደግሞ ከራሱ ከመሣሪያው ይበልጥ ትልቅ ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሞተር እንዳያንኳኳ ተብሎ ቤንዚን ውስጥ የእርሳስ ማዕድን ይጨመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 በኒው ጀርሲ አንድ ማጣሪያ ውስጥ ቅመሙን የሚሠሩ አምስት ሠራተኞች በእርሳስ መመረዝ አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። እንደ ዶክተር አሊስ ሃሚልተን ያሉ ሐኪሞች በወቅቱ አስጠንቅቀው ነበር። ሰሚ ግን አልተገኘም፤ እርሳሱ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ከየመኪናው ጭስ ጋር ወደ ሕፃናት ሳንባ ገባ።

እርሳስ የኮንቨርተሩን ብረት ሸፍኖ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1974 ጀምሮ የአሜሪካ ነዳጅ ማደያዎች እርሳስ የሌለው ቤንዚን እንዲሸጡ ታዘዙ። ትእዛዙ በመጀመሪያ የወጣው ለማሽኑ ታስቦ ነው፤ የተጠቀመው ግን የሰው ደም ነው። ከ1976 እስከ 1980 ባለው ጊዜ በአሜሪካውያን ደም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ በአማካይ 37 በመቶ ገደማ ወረደ። የቤንዚኑ እርሳስ የወረደበትን መስመር ተከትሎ ነበር የወረደው።

አፍሪካ ለዚህ ብዙ ጠበቀች። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው ቀን ቆረጡ፤ በ2006 መጀመሪያ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከአካባቢው ወጣ። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስትሆን ያቆመችው በ2021 ነው። መፍትሔው ከታወቀ በኋላ እንኳ ሠላሳና አርባ ዓመት የጠበቀ ሕዝብ አለ ማለት ነው።

ቁጥርና ቀን ብቻውን በቂ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ የቮልስዋገን ታሪክ መልስ ይሆነዋል። ኩባንያው ናፍጣ መኪኖቹን «ንጹሕ» እያለ ሲሸጥ መኪኖቹ በላቦራቶሪ ፈተና ያልፉ ነበር። በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መለኪያውን ራሱ መኪናው ላይ ጭነው በመንገድ ላይ ነዱት። የተገኘው ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ኤጀንሲው ጉዳዩን ይፋ አደረገ። መኪናው እየተፈተነ መሆኑን የሚለይ ሶፍትዌር ተገጥሞለት፣ በፈተና ጊዜ ብቻ ጭሱን ይቀንስ ነበር፤ መንገድ ላይ ሲወጣ የናይትሮጂን ኦክሳይዱ መጠን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ደርሷል። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ይህ ሶፍትዌር ነበራቸው። የዓለም ጥብቅ ሕግ ባለባቸው አገሮች ለዓመታት የተሞኙት ሕግ ጠፍቶ አይደለም፤ ከፈተና ክፍል ወጥቶ የሚለካ ስላልነበረ ነው።

ኢትዮጵያም ዛሬ የራሷን ውሳኔ ወስዳለች። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ባረጁ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ ውሳኔው ከብዙ አገሮች ይልቅ እዚህ ትርጉም አለው። የውጭ ምንዛሪ ጉዳይም አለበት።

ነገር ግን የማስገባት ክልከላ የሚይዘው በሩን ነው። ቤት ውስጥ ያለውን አይነካም። ትናንት የገባው ሚኒባስ፣ የአሸዋ ገልባጩ፣ ዕድሜው የገፋው አውቶቡስ ገና ለብዙ ዓመታት ናፍጣና ቤንዚን እያቃጠሉ ይሄዳሉ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሲለቁ የሚተነፍሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናት ናት።

ለእነዚህ ሰዎች ከሎስ አንጀለስ እስከ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነው። ጭስ የቀነሰው «እንቀንሳለን» በተባለበት ዓመት አይደለም፤ ቁጥር ተጽፎ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ከሻጩም ከገዢውም ነጻ የሆነ ሰው በለካበት ዓመት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ጭሱ ይመለሳል። ስለዚህ በየዓመቱ ቦሎ ሲታደስ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ መኪና ስንት ያጨሳል፣ ስንትስ ተፈቅዶለታል፣ ማነው የለካው?